ለትንሽ ቋንቋ ኮምፓይለር ማን ይክፈል?

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ፊት ለፊት እንነጋገር ብዬ ነው ይህን ክር የከፈትኩት። ተጠቃሚያቸው ጥቂት የሆኑ የፕሮግራም ቋንቋዎች አሉ፤ ኮመን ሊስፕ፣ አዳ፣ ፕሮሎግ፣ ስሞልቶክ፣ ኤፒኤል፣ ፓስካል፣ ኧርላንግ። ለጃቫና ለፓይተን ትልልቅ ኩባንያዎች ገንዘብ ያፈሳሉ። ለእነዚህ ግን ኮምፓይለሩን (የጻፍከውን ኮድ ማሽኑ ወደሚረዳው የሚቀይረውን ፕሮግራም) የሚጠግነው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። እሱም እንደማንኛችንም የወር ወጪ አለበት።

የኔ አቋም ይህ ነው። በትንሽ ቋንቋ ውስጥ ኮምፓይለሩና ዋና ዋናዎቹ ላይብረሪዎች (ሌላ ፕሮግራም የሚገለገልባቸው ዝግጁ ኮዶች) ነፃ ሶፍትዌር መሆን አለባቸው፤ ኮዳቸውን ማንም የሚያየው፣ የሚለውጠውና የሚያካፍለው። የሚሸጠው ሥራው ይሁን፤ ድጋፍ፣ ጥገና፣ ወደ አዲስ ማሽን ማዛወር፣ ሥልጠና። በቋንቋው እንጀራ የሚበላ ድርጅት ደግሞ ይክፈል። የሚከፍለው ሕግ ስላስገደደው ሳይሆን ነገ የሚጠግንለት ሰው እንዳያጣ ነው።

ለምን ይህን ያህል አጠበቅሁት? በትልቅ ቋንቋ አንዱ አቅራቢ ቢከስር ሌላው ጋ ትሄዳለህ። በትንሽ ቋንቋ አቅራቢው አንድ ነው፣ ቢበዛ ሁለት። እሱ ሲወድቅ ኮድህም አብሮ ይወድቃል። ቀድሞ የሠራሁበት ቢሮ ዋናው ፕሮግራም በዝግ ኮምፓይለር የተጻፈ ነበር። ሻጩ ድርጅት ለሌላ ተሸጠ፣ አዲሱ ባለቤት ምርቱን ተወው፣ ላይሰንሱን (የመጠቀሚያ ፈቃዱን) የሚያጸድቀው ሰርቨር ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ኮምፓይለሩ የሚነሳው ቀድሞ በተመዘገበበት በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ሆነ። ማንም እንዳይነካው የሚል ወረቀት ለጠፍንበት። ኮዱ የኛ ነው፤ ያለዚያ ኮምፒውተር ግን አንዲት መስመር መቀየር አንችልም ነበር።

ምን ትላላችሁ?

ክሩ ከዚያ በኋላ ረዘመ። ዘግይታችሁ ለገባችሁ መልሶቹን በቁጥራቸው እየጠቀስኩ በራሴ አነጋገር አስቀምጣቸዋለሁ። ያልመሰለኝንም እዚያው እናገራለሁ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መልስ 1 የሊስፕ ሰው ነው፤ ብዙ ዘመን የቆየ፣ አጻጻፉም ጨዋ። በሐሳቤ ተስማምቶ ዝጎቹን ኮምፓይለሮች ግን አትናቃቸው አለኝ። ኤስቢሲኤል የሚባለው ነፃ የሊስፕ ኮምፓይለር በ1999 ከሲኤምዩሲኤል ተገንጥሎ የወጣ ነው። ሲኤምዩሲኤል ደግሞ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነበር። ኤስቢሲኤልን የሚሸጥ ኩባንያ የለም፤ ሆኖም በየወሩ አዲስ ቨርዥን ይወጣል። በሌላ በኩል ሊስፕወርክስ የሚባለው ዝግ የሊስፕ ኮምፓይለር በገንዘብ ይሸጣል። ገዢው የሚያገኘው በየኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የሚሠራ የመስኮትና የቁልፍ መሥሪያ፣ ፕሮግራምን አሳጥሮ ለደንበኛ የሚያወጣ መሣሪያ፣ ከዚያም በላይ ጥያቄ ሲላክ የሚመልስ መሐንዲስ ነው። ሰውዬው በሁለቱም ይሠራል፤ ለሰርቨር አንዱን፣ ለዴስክቶፕ ሌላውን። አንድ ቅሬታ ብቻ አለው። የሊስፕወርክስ የግል እትም በነፃ ይሰጣል፤ ግን ሜሞሪው የተገደበ ነው፣ ከ5 ሰዓት በኋላም ራሱን ይዘጋል። በሊስፕ ደግሞ ፕሮግራሙን ሳታጠፋው ከውስጥ እየቀየርክ ነው የምትሠራው። በመሀል ሲዘጋብህ የተማሪው ልብ ይሰበራል፤ ነገ ደንበኛ ሊሆን የሚችል ሰው እዚያው ይቀራል። ትክክል ነው። ለጀማሪ በር ላይ የሚቀመጥ ገደብ ሻጩን ራሱን ነው የሚጎዳው።

መልስ 2 የመልስ 1ን አንድ አነጋገር አረመ። መልስ 1 ነፃ የሆነ ነገር አይሸጥም የሚል የሚመስል ቃል ጥሎ ነበር። ነፃ ሶፍትዌር መሸጥ የተፈቀደ ነው፤ ከመጀመሪያውም እንዲያ ነበር። የነፃ ሶፍትዌር እንቅስቃሴ መሥራች ሪቻርድ ስቶልማን ራሱ በ1985 ገደማ ኢማክስ የሚባለውን የጽሑፍ ኤዲተር በቴፕ እየገለበጠ በ150 ዶላር ይሸጥ ነበር። ሲግነስ የሚባለው ኩባንያ በ1989 ተቋቁሞ ጂሲሲ ለሚባለው ነፃ ኮምፓይለር ድጋፍ እየሸጠ አድጓል፤ በኋላም ሬድ ሃት ገዛው። ልዩነቱ የገዛው ሰው ኮዱን የማየት፣ የመለወጥና ለሌላ የማካፈል መብት ይኖረዋል። አጭርና ጥርት ያለ መልስ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጡት አብዛኞቹ በእሱ ላይ ነው የገነቡት።

መልስ 3ን ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። የጻፈችው በአዳ የምትሠራ ሴት ናት። ጥያቄህ ከተመለሰ ቆይቷል አለችኝ፤ አዳኮርን እይ። ጂናት የሚባለው የአዳ ኮምፓይለር በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ፣ በአሜሪካ አየር ኃይል ገንዘብ ተጀመረ። ሠሪዎቹ በ1994 አዳኮርን አቋቋሙ። ኮምፓይለሩ የጂሲሲ አካል ነው፤ ማንም አውርዶ ይሠራበታል። ታዲያ ደንበኛው ምን ይገዛል? የአውሮፕላን ሶፍትዌር አንድ ጊዜ በአንድ ቨርዥን ተፈትሾ ከጸደቀ ያ ቨርዥን ለዓመታት አይነካም። አዲስ ቨርዥን መጫን ማለት ፍተሻውን እንደገና መጀመር ነው፤ ወጪው ከባድ ነው። ስለዚህ ደንበኛው የሚገዛው አሮጌውን ቨርዥን የሚያውቅ፣ ስህተት ሲገኝ በዚያው ላይ የሚያርምለት፣ ለሚቀጥሉት ብዙ ዓመታትም ስልክ የሚያነሳ ሰው ነው። ይህን ከኢንተርኔት አታወርደውም።

ጥላውንም አልደበቀችም። አዳኮር ለረጅም ጊዜ ለሕዝብ ያወጣው የነበረው እትም ሯንታይሙ (ከምትሠራው ፕሮግራም ጋር አብሮ የሚገባው የኮምፓይለሩ ኮድ) ያለ ልዩ ፈቃድ በጂፒኤል ስር ነበር። ጂፒኤል ኮዱን አካቶ የሚከፋፈል ፕሮግራም ሁሉ በዚያው ፈቃድ ክፍት እንዲሆን የሚያስገድድ ላይሰንስ ነው። በእሱ የሠራኸውን ፕሮግራም ዘግተህ ማከፋፈል አትችልም። በጂሲሲ በኩል የሚመጣው ግን ልዩ ፈቃድ ስላለው ትችላለህ። አንድ ኮምፓይለር፣ ሁለት ዓይነት ሕግ። አዲስ ሰው ግራ ይጋባ ነበር፤ ፈርቶ የሄደም አለ። ኩባንያው በ2022 ያንን እትም እንደማይቀጥል አሳውቆ ሰዉን ወደ አላየር መራው። የፓኬጅ መሣሪያ ነው፤ ኮምፓይለሩንም በዚያው ታወርዳለህ። እሷ እንደምትለው አዳን በትርፍ ጊዜያቸው የሚጽፉ ሰዎች የተነቃቁት ከዚያ ወዲህ ነው።

መልስ 4 ላይ ድምፁ ከረረ። ሰውዬው በዴልፊ (ከፓስካል የመጣ፣ የሚሸጥ የፕሮግራም መሥሪያ) መሣሪያ ሠርቶ የሚሸጥ ነው፤ ለብቻው ነው የሚሠራው። አውሮፕላን ለሚሠሩ ድጋፍ መሸጥ ቀላል ነው አለ። ለአንድ ላይብረሪ ግን ማን የድጋፍ ውል ይገዛል? ጥያቄውን ቻት ላይ ይጥለዋል፣ አንድ የዋህ ሰው ሌሊት ተነስቶ ይመልስለታል፣ በቃ። ቀጥሎ የፓስካልን ታሪክ አመጣ። ቦርላንድ በ1983 ተርቦ ፓስካልን በ49.95 ዶላር ሸጠ። ዝግ ነበር፤ ግን ማንም የሚገዛው ዋጋ ነበርና ቋንቋው በየቤቱ ገባ። እሱ እንደሚለው ቋንቋውን ያሳደገው ርካሽነቱ ነው እንጂ የኮዱ መከፈት አይደለም። ዛሬስ? የዴልፊ ኮሙኒቲ እትም ከ2018 ጀምሮ በነፃ አለ፤ ግን የዓመት ገቢህ 5,000 ዶላር ከደረሰ ሙሉውን መግዛት አለብህ። ትንሽ ማግኘት ስትጀምር ነው ትልቁ ክፍያ የሚመጣብህ። ንግግሩ ይቆጣል፤ ሒሳቡ ግን አይካድም።

መልስ 5 ለመልስ 4 በረጋ መንፈስ መለሰ። ነፃው ኮምፓይለር ፍሪ ፓስካልና መሥሪያው ላዛረስ አሉልህ፤ ላይብረሪዎቹ በተሻሻለ ኤልጂፒኤል (ከጂፒኤል የላላ ላይሰንስ) ስር ናቸው፣ ፕሮግራምህን ከእነሱ ጋር አያይዘህ ዘግተህ መሸጥ ትችላለህ። ለዴልፊ ኮምፖነንት ከሚሸጡት ውስጥ ለላዛረስም የሚያቀርቡ አሉ። ማለትም መሠረቱ ነፃ ሆኖ ከላዩ ንግድ አለ። መልስ 4 ተመልሶ አመሰገነና የድሮ ኮዱን ማዛወር ግን ወራት የሚፈጅ ሥራ ነው አለ። ይህም እውነት ነው።

ከ6 እስከ 8 ክሩ ከመንገድ ወጣ። አንዱ ሊስፕ ልማር ወይስ ፕሮሎግ ብሎ ጠየቀ። ሌላው በየትኛው ኤዲተር እንደሚጀመር ክርክር ከፈተ። ሦስተኛው ቅንፍ ስለማይወድ ሰው ረጅም ትንታኔ ጻፈ። ለጠያቂው አጭር መልስ፦ ሁለቱም በነፃ አሉ፣ ኤስቢሲኤልንና ኤስደብልዩአይ ፕሮሎግን አውርድና በአንዱ ጀምር።

መልስ 9 ወደ ጉዳዩ መለሰን፤ እሳትም ለኮሰ። አካ ስካላ በሚባለው ቋንቋ ዓለም ብዙ ድርጅት የቆመበት ላይብረሪ ነው። ባለቤቱ ኩባንያ ላይትቤንድ በመስከረም 2022 ላይሰንሱን ከአፓቼ 2.0 (ዘግቶ መሸጥንም የሚፈቅድ ነፃ ላይሰንስ) ወደ ቢኤስኤል (ኮዱ ቢታይም አጠቃቀሙን የሚገድብ ላይሰንስ) ቀየረው። የዓመት ገቢው ከ25 ሚሊዮን ዶላር በታች የሆነ ድርጅት በነፃ ይጠቀማል፣ ከዚያ በላይ ያለው ይከፍላል። እያንዳንዱ ቨርዥን ከ3 ዓመት በኋላ ወደ አፓቼ 2.0 ይመለሳል። ጸሐፊው ይህን ክህደት ነው ያለው። ለዓመታት በክፍት ኮድ ሰዉን አስለምደው፣ ሰዉ መውጣት ሲያቅተው ዋጋ አወጡ ይላል።

መልስ 10 አልታገሠውም። ከፍለህ ታውቃለህ ወይ ብሎ አፈጠጠበት። በአካ ላይ ቢሊዮን የሚያንቀሳቅሱ ድርጅቶች ለዓመታት አንድ ሳንቲም ሳይወረውሩ ተጠቀሙ፤ ደመወዝ የሚከፈለው ቡድን ሲቸገር ግን የሚጮኹት እነሱው ናቸው። ሁለቱ ብዙ ተወራወሩ። እዚህ ልድገመው የማልፈልገው ነገርም አለ፤ ሰውን በሙያው መስደብ ምንም አይጨምርም።

እኔ የሁለቱንም ቁጭት እረዳለሁ። ግን ሁለቱም ያለፉት ነገር አለ። የመጨረሻው የአፓቼ 2.0 ኮድ ተወስዶ አፓቼ ፔኮ የሚባል ቅርንጫፍ ወጣ። መክፈል ያልፈለገ ወደዚያ ሄደ፣ መክፈል የቻለ እዚያው ቆየ፣ ማንም ኮዱ በእጁ አልሞተበትም። ያ የቢሯችን ኮምፒውተር ላይ የጎደለን ይኸው ነበር። እኔ ነፃ ላይሰንስ ስል ዋጋው ዜሮ ይሁን ማለቴ አይደለም፤ የመውጫ በር ይኑር ነው የምለው።

መልስ 11 የኧርላንግን ታሪክ አመጣ፤ እኔም በጣም ወደድኩት። ቋንቋው በስልክ መሣሪያ አምራቹ ኩባንያ በኤሪክሰን ውስጥ ተወለደ። በ1998 የኤሪክሰን አንዱ ክፍል በአዳዲስ ምርቶች ላይ እንዳይጠቀሙበት ከለከለ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ኮዱ ለሕዝብ ተከፈተ። ከሠሪዎቹ ብዙዎቹ ወጥተው ብሉቴይል የሚባል የራሳቸውን ኩባንያ መሠረቱ። ባይከፈት ኖሮ ቋንቋው በአንድ የቢሮ ውሳኔ ተቀብሮ ይቀር ነበር። ተከፈተና ከዓመታት በኋላ ዋትስአፕ ሰርቨሮቹን በእሱ ሠራ። ኤሪክሰንም አልተጎዳም፤ ዛሬም ድረስ ቋንቋውን የሚያሳድግ ቡድን ይዟል።

መልስ 12 እና 13 ስለ ጂፒኤል ነበሩ። 12 ሲሊስፕ የሚባለውን የሊስፕ ኮምፓይለር ነገር አነሳ። ሲሊስፕ ሪድላይን የሚባለውን የጂፒኤል ላይብረሪ ይጠቀም ነበር። በ1992 ስቶልማንና ከሠሪዎቹ አንዱ የሆነው ብሩኖ ሃይብለ በደብዳቤ ተከራክረው በመጨረሻ ሲሊስፕ ራሱ ጂፒኤል ሆነ። 12 ይህን እንደ ድል ነው የሚያየው። 13 ደግሞ እንደ ማስጠንቀቂያ። ነገሩ በሊስፕ የሚከብደው ኮዱ ሁሉ በአንድ ሜሞሪ ውስጥ ተጭኖ፣ ማክሮው (ኮድ የሚጽፍ ኮድ) ወደ አንተ ኮድ ውስጥ ተዘርግቶ፣ ሁሉም በአንድ ፋይል ተጠቅልሎ ስለሚወጣ ነው። የላይብረሪው ኮድ የቱ ጋ አልቆ ያንተ የቱ ጋ ይጀምራል? ኤልጂፒኤል ለሲ ዓይነት ቋንቋ ታስቦ ስለተጻፈ ለዚህ አይመችም። ለዚህም ነው አሌግሮ የሚባለውን ሊስፕ የሚሸጠው ፍራንዝ ኩባንያ ኤልጂፒኤል ለሊስፕ ምን ማለት እንደሆነ የሚያብራራ መግቢያ ጽፎ ኤልኤልጂፒኤል የተባለውን ያወጣው። ልብ በሉ፤ ለነፃ ላይብረሪዎች መንገድ የጠረገው ዝግ ኮምፓይለር የሚሸጥ ድርጅት ነው። በነፃና በንግድ መካከል ግንብ አለ ለሚል ሰው ይህችን አሳዩት።

መልስ 14 እስካሁን ከቀረበብኝ ተቃውሞ ሁሉ ጠንካራው ነው። ጸሐፊው ኬዲቢ ፕላስ በሚባለው ዳታቤዝ የሚሠራ፣ ባንክ ቤት ያለ ሰው ነው። ዳያሎግ ኤፒኤልና ኬዲቢ ፕላስ ዝግ ናቸው፤ አሥርት ዓመታት ኖረዋል፤ ሠሪዎቻቸውም በሙሉ ጊዜ ይከፈላቸዋል። ደንበኛው ከፕሮግራሙ የሚያገኘው ጥቅም ትልቅ ከሆነ ላይሰንሱ የሚያሳስበው ወጪ አይደለም። ዳያሎግ ለንግድ ላልሆነ ሥራ በነፃ ስለሚሰጥ ተማሪውም በሩ ላይ አይቀርም። ታዲያ ያንተ ደንብ ለማን ነው አለኝ። መልሴ ይህ ነው፦ ሀብታምና ታማኝ ደንበኛ ያለው ቋንቋ እንዲህ መኖር ይችላል፣ ኖሯልም። ግን ሕይወቱ በሙሉ በአንድ ድርጅት ጤንነት ላይ ተንጠልጥሏል። ጥሩ ባለቤት እስካለ ጥሩ ነው።

ይህን ስጽፍ መልስ 15 ቀደመኝና ሬቦል የሚባለውን ቋንቋ ጠቀሰ። ሬቦል በ1997 ተጀምሮ በኩባንያ እጅ ዝግ ሆኖ ቆየ። ኮዱ የተከፈተው በታኅሣሥ 2012 ነው። እስከዚያ ከተጠቃሚዎቹ ብዙዎቹ ሄደዋል፤ ሬድ የሚባለው የእሱ ተከታይ ቋንቋም ከመከፈቱ አንድ ዓመት ቀድሞ ሥራ ጀምሮ ነበር። መክፈት ካልቀረ በጊዜ ነው።

መልስ 16 ሁላችንንም ዝም አሰኘን። የጻፈችው ብዙ ድርጅት የሚጠቀምበትን ላይብረሪ ለብቻዋ የምትይዝ ሴት ናት። ጠዋት ኢሜይል ስትከፍት አስቸኳይ የሚል ርዕስ ያለው መልእክት ይጠብቃታል። የላከው ድርጅት ሰላምታ እንኳ የለውም። ከሥሩ ስለ ደኅንነት አሠራሯ የሚጠይቅ ብዙ ገጽ ያለው ፎርም ተያይዟል፤ እስከ ዓርብ ሞልተሽ መልሺ ይላል። መዋጮ የሚቀበል ሊንክ ገጿ ላይ አስቀምጣ ነበር። ከድርጅት የመጣ ነገር የለም፤ የላኩት ተማሪዎች ናቸው።

ከዚያ አንድ የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ እውነቱን ነገራት። እኛ ስጦታ የምንመዘግብበት መደብ የለንም፤ ደረሰኝ ካለሽ ግን ነገ እንከፍላለን አላት። ሊንኩን አነሳችና የዓመት የጥገና ውል ጻፈች፤ ምን እንደምታደርግ፣ በስንት ቀን እንደምትመልስ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ የያዘ አንድ ገጽ። ኮዱ እንደ ድሮው ነፃ ነው። ፎርም የላከውን ድርጅት ደግሞ ይህ በውሉ ውስጥ ያለ አገልግሎት ነው ብላ መለሰችለት፤ ፈረመ። መልስ 4 ለላይብረሪ ድጋፍ ማን ይገዛል ላለው መልሱ ይኸው። ሁሉም ይገዛል አላለችም፤ የሚገዛው ጥቂት ነው፣ እሷን ግን አቁሟታል። ላይብረሪ የምትይዙ ሁሉ፣ እባካችሁ ይህን ነገ ሞክሩት።

መልስ 17 ስለ ክሎጁር ቋንቋ ነው። ሪች ሂኪ ቋንቋውን በራሱ ቁጠባ እየኖረ ሠርቶ በ2007 አወጣው። ኮግኒቴክት የሚባል ኩባንያ የማማከር ሥራና ዳቶሚክ የተባለውን ዳታቤዝ እየሸጠ ያዘው። ዋናው ተጠቃሚ ኑባንክ የሚባለው ባንክ በ2020 ኩባንያውን ገዛው፣ በ2023 ዳቶሚክ ያለ ክፍያ ሆነ። መልካም ፍጻሜ ነው አለ። መልስ 18 ግን ተጠራጠረ። አንድ ትልቅ ተጠቃሚ ሁሉን ከተሸከመ የቋንቋው አቅጣጫ የሱ ፍላጎት ይሆናል፤ አለቃ ሲቀየርም ሁሉ ይቀየራል። እሱ የሚመርጠው የፋሮን መንገድ ነው። ፋሮ በ2008 ከስኩዊክ ተገንጥሎ የወጣ ስሞልቶክ ነው፤ ኮዱ በአብዛኛው በኤምአይቲ ላይሰንስ ክፍት ነው። ተጠቃሚ ድርጅቶች በኮንሰርቲየም ተሰባስበው በየዓመቱ ያዋጣሉ፤ በመዋጮው መሐንዲስ ይቀጠራል። እኔም ወደ 18 አደላለሁ፤ ማዋጣቱ ቀርፋፋ ነው፣ ግን አንድ ሰው ሲወጣ አይፈርስም።

መልስ 19 ላይሰንስ ለመቀየር መንገድ የሚከፍተው የተባባሪዎችን የቅጂ መብት በአንድ ድርጅት እጅ የሚያስገባ ውል ነው፣ ስለዚህ ፓች (የኮድ ማሻሻያ) ስትልኩ አትፈርሙ አለ። መልስ 20 ወዲያው አረመው፣ ትንሽም ቆጣ ብሎ። በአፓቼ ወይም በኤምአይቲ ስር ያለን ኮድ ማንም ሰው፣ ውል ኖረ አልኖረ፣ ቀጣዩን ቨርዥን ዘግቶ ማውጣት ይችላል። ውሉ ቁም ነገር የሚሆነው በጂፒኤል ዓይነት ላይ ነው፤ እዚያ መብቱ በብዙ ሰው እጅ ከተበተነ ማንም ለብቻው መዝጋት አይችልም። መዝጋትን ከፈራችሁ የኮምፓይለሩ ኮድ እንደ ጂሲሲ ጂፒኤል፣ ሯንታይሙም ልዩ ፈቃድ ያለው ይሁን፤ መብቱ ደግሞ በጸሐፊዎቹ ሁሉ እጅ ይቆይ። ተጠቃሚው ፕሮግራሙን ዘግቶ ይሸጣል፣ ኮምፓይለሩን ግን ማንም አይዘጋውም።

መልስ 21 ያው የመልስ 1 ሽማግሌ ነው። ኤስቢሲኤል አብዛኛው ኮዱ ባለቤት የሌለው የሕዝብ ንብረት ነው፤ ማንም ዘግቶ ሊሸጠው ይችል ነበር፣ ግን በየወሩ ከሚሻሻለው ጋር ለብቻው ማን ይወዳደራል ብሎ ጠየቀ። ጠንካራ ቡድን ላለው ኮምፓይለር ልክ ነው። የሚጠግኑት ሁለት ሰዎች ብቻ ለሆኑ ኮምፓይለር ግን እኔ ከ20 ጋር ነኝ፤ ሁለቱን ሰዎች አንድ ድርጅት በአንድ ቀን ሊቀጥራቸው ይችላል። 16ን አንድ ነገር ልጠይቃት፦ የውሉን ጽሑፍ ዋጋውን አውጥተሽ እዚህ ብትለጥፊልን? ብዙዎቻችን ከየት እንደምንጀምር አናውቅም።